የተማሪ ተጫዋቾች ዝውውርና የትምህርት ቤቶች ውድድር ሚዛን፤ የአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ልምድ

በትምህርት ቤቶች መካከል የሚደረግ የስፖርት ውድድር ከትምህርት ሥራ የተለየ ተራ ጨዋታ እንዳልሆነ በብዙ አገሮች የታመነበት ጉዳይ ነው። ተማሪው አካሉን ከማጠንከሩ ሌላ መተባበርን፣ ደንብ ማክበርንና ሽንፈትን መቀበልን የሚማርበት መድረክ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ ወጪው ከትምህርት በጀት ይመደብለታል፤ አሠልጣኙም አብዛኛውን ጊዜ መምህር ነው። ይህ እምነት የሚጸናው ግን ለአንድ ትምህርት ቤት የሚሰለፉት ልጆች በእርግጥ የዚያ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ሆነው ሲገኙ ነው። ልጁ ለመማር ሳይሆን ለመጫወት ብቻ የመጣ ከሆነ፣ ወይም ትምህርት ቤቱ ተማሪን ሳይሆን ተጫዋችን ፈልጎ ያስመጣ ከሆነ፣ የውድድሩ ትርጉም ይለወጣል።

ይህ ጥያቄ ጎልቶ ከታየባቸው፣ በደንብ፣ በሕግና በፍርድ ቤት ጭምር ሲመረመር ከኖረባቸው አገሮች አንዷ አሜሪካ ናት። በዚያ አገር ፉትቦል የሚባለው በእኛ ዘንድ እግር ኳስ ከሚባለው የተለየ ነው፤ ሞላላ ኳስ በእጅ ተይዞና ተወርውሮ፣ አልፎ አልፎም በእግር ተመትቶ የሚካሄድ፣ በእያንዳንዱ ወገን 11 ተጫዋቾች የሚሰለፉበት፣ የራስ ቁርና የትከሻ መከላከያ የሚለበስበት፣ የአካል ግጭት የበዛበት ጨዋታ ነው። በየዓመቱ 1 ሚሊዮን ያህል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ይሳተፉበታል። በትናንሽ ከተሞች ዓርብ ማታ የሚደረገው ግጥሚያ የአካባቢው ሕዝብ የሚሰበሰብበት ነው፤ ለጎበዝ ተጫዋች ደግሞ በዩኒቨርሲቲ ወጪው ተሸፍኖለት ለመማር ከሚያስችሉት መንገዶች አንዱ ነው። ስለዚህ አንድ ጥሩ ተጫዋች ከአንዱ ትምህርት ቤት ወጥቶ ወደ ሌላው ሲገባ ነገሩ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ብቻ የሚያውቀው ሆኖ አይቀርም። ይህ ጽሑፍ የዝውውር ደንቡ እንዴት እንደሚሠራ፣ ስለምን እንደሚያስቸግርና በምን ዓይነት አሠራር እየታገዘ እንደ ሄደ ለማብራራት ይሞክራል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የደንቡ አመጣጥ

በአሜሪካ ትምህርት በዋናነት የሚመራው በየግዛቱ መንግሥትና ከዚያም በታች በየአካባቢው የትምህርት ቦርድ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት በተለምዶ ተማሪ የሚቀበልበት የታወቀ የመኖሪያ ወሰን አለው፤ ከበጀቱም ከፍ ያለው ክፍል በዚያው አካባቢ ካለው ቤትና መሬት ከሚሰበሰብ ግብር ይገኛል። የስፖርቱን ውድድር የሚያስተዳድሩት ደግሞ ትምህርት ቤቶች በአባልነት የገቡባቸው የየግዛቱ ማኅበራት ናቸው። የቴክሳሱ በ1910፣ የካሊፎርኒያው በ1914 ተመሠረተ። በ1920 የተቋቋመው ብሔራዊ ፌዴሬሽን የጨዋታውን ሕግ ያወጣል እንጂ ማን ለየትኛው ትምህርት ቤት ይሰለፍ የሚለውን የሚወስነው የግዛቱ ማኅበር ነው። በዚህም ምክንያት በአንዱ ግዛት ዓመት የሚያስቀጣው ነገር በሌላው ግዛት ምንም ላያስጠይቅ ይችላል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ትልቁ ችግር ጭራሽ ተማሪ ያልሆኑ ጎልማሶች በትምህርት ቤት ስም መሰለፋቸው ነበር። የዕድሜ ጣሪያ፣ ዝቅተኛ የክፍል ውጤትና የመደበኛ ምዝገባ ግዴታ የመጡት ይህንን ለመከላከል ነው። እነዚህ ደንቦች በሰነድ የሚረጋገጡ በመሆናቸው ብዙ አላወዛገቡም፤ የልደት የምስክር ወረቀት ይታያል፣ የክፍል መዝገብ ይገለጣል፣ ነገሩ ያበቃል። የዝውውሩ ጉዳይ ግን ከዚህ ይለያል። የሚዛወረው ልጅ እውነተኛ ተማሪ ነው፤ ዕድሜውም ውጤቱም የተስተካከለ ነው። የሚጠየቀው ለምን መጣ ተብሎ ነው።

የምክንያት ምርመራ

የቴክሳስ አሠራር ይህንን በግልጽ ያሳያል። በቀድሞው ትምህርት ቤት በስፖርት የተሳተፈ ተማሪ በአዲሱ ትምህርት ቤት በዋናው ቡድን ከመሰለፉ በፊት የቀድሞ ተሳትፎውን የሚገልጽ ቅጽ ይሞላለታል። ቅጹ ወደ ለቀቀው ትምህርት ቤት ይላካል፤ ልጁ የሄደው ለስፖርት ጥቅም ሲል እንደ ሆነ ወይም እንዳልሆነ እዚያ ያሉት ኀላፊዎች ይጠየቃሉ። ጉዳዩ ሲያከራክር የሚወስነው በአንድ ምድብ ከሚወዳደሩ ትምህርት ቤቶች የተውጣጣ ኮሚቴ ነው። ለስፖርት ሲል ተዛውሯል ከተባለ ቢያንስ ለአንድ ዓመት በዋናው ቡድን መጫወት አይችልም።

አሠራሩ የራሱ አመክንዮ አለው፤ የአካባቢውን ሁኔታ የሚያውቁት ጎረቤቶች ናቸውና። ነገር ግን በኮሚቴው የተቀመጡት ሰዎች የሚወክሏቸው ቡድኖች በሚቀጥለው ወር ከዚሁ ልጅ ቡድን ጋር የሚጋጠሙ ናቸው። የቀድሞ አሠልጣኙም ቢሆን ጥሩ ተጫዋች ያጣ ሰው ነው። ምስክሩም ዳኛውም በውጤቱ የሚጠቀሙበት ሸንጎ፣ አባላቱ የቱንም ያህል ቅን ቢሆኑ፣ ለተከሳሹ ልጅ ቤተሰብ የሚያሳምን አይሆንም።

ከዚህ የሚበልጠው ችግር ግን የጥያቄው ጠባይ ነው። አንድ የ16 ዓመት ልጅ ይታሰብ። ወላጆቹ ተለያይተዋል፤ አባቱ የሚኖርበት ሰፈር ያለው ትምህርት ቤት የተሻለ የሒሳብ ትምህርት ይሰጣል፤ በነበረበት ትምህርት ቤት ከአሠልጣኙ ጋር ተጋጭቷል፤ በአዲሱ ትምህርት ቤት ደግሞ እርሱ በሚጫወትበት ቦታ የነበረው ተሰላፊ ትምህርቱን ጨርሶ ወጥቷል። ልጁ ወደ አባቱ ዘንድ ቢሄድ ምክንያቱ ከአራቱ የትኛው ነው? ልጁ ራሱ በትክክል የሚያውቀው አይመስልም። ደንቡ ግን ኮሚቴው እንዲያውቅለት ይጠይቃል። ከዚህ የተነሣ ቤተሰቦች እውነቱን ከመናገር ይልቅ ተቀባይነት ያለውን መልስ መናገር ይለምዳሉ። ስለ ስፖርት አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ስለ ሒሳብ ትምህርቱ ብቻ የሚያስረዱ ወላጆች ያልፋሉ፤ የአገሩን ደንብ የማያውቅ ስደተኛ ወላጅ ግን ልጄ እዚያ ጥሩ አሠልጣኝ ያገኛል ብሎ በቅንነት ቢናገር ልጁን ያስቀጣዋል።

ካሊፎርኒያ ከምክንያት ምርመራው በከፊል ለመውጣት ሌላ መንገድ ተከትላለች። ቤተሰቡ በሙሉ መኖሪያ ቀይሮ የመጣ ተማሪ ወዲያውኑ ይሰለፋል። መኖሪያ ሳይቀይር ለመጀመሪያ ጊዜ የተዛወረ ተማሪ ግን የጨዋታውን ወቅት ግማሽ ያህል ተቀምጦ ያሳልፋል። መልማይ ተገኝቶ ከሆነ ወይም የቀረበው ሰነድ ሐሰተኛ ከሆነ ቅጣቱ ከዚህ የከበደ ነው። ግማሽ ወቅት ለጎልማሳ ትንሽ መስሎ ይታያል። የመደበኛው ወቅት ግጥሚያዎች 10 ያህል ብቻ በመሆናቸው ግን ልጁ የሚያጣው 5 ያህሉን ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት 4 ዓመት ስለሆነም በመጨረሻው ዓመት የመጣበት ልጅ የሚተካው ሌላ ወቅት የለውም። የዩኒቨርሲቲ መልማዮችም ሜዳ ላይ ያላዩትን ልጅ አይመርጡም።

የመልማዩ ኀላፊነት

እስካሁን የታየው ልጁ ስለሚጠየቅበት ነው። በብዙ ዝውውሮች ጀርባ ግን አዋቂ ሰው አለ፤ አሠልጣኝ፣ ደጋፊ ወይም ከወላጅ ጋር ወዳጅነት የመሠረተ የክለብ ሰው። ሁሉም ማኅበራት ለስፖርት ሲባል ተማሪን መመልመል የሚከለክል ደንብ አላቸው ለማለት ይቻላል። የደንቡ ሕጋዊነት በጥልቀት የተመረመረው በቴኔሲ ግዛት፣ ናሽቪል ከተማ አጠገብ በሚገኘው ብሬንትውድ አካዳሚ በተባለው የግል ትምህርት ቤት ጉዳይ ነው።

በ1997 የትምህርት ቤቱ የፉትቦል አሠልጣኝ ለሚቀጥለው ዓመት ለመመዝገብ ለተፈራረሙ፣ ነገር ግን ገና ትምህርት ላልጀመሩ የ8ኛ ክፍል ልጆች በጸደይ ልምምድ እንዲገኙ የሚጋብዝ ደብዳቤ ላከ። የግዛቱ ማኅበር ይህን እንደ ምልመላ ቈጥሮ በትምህርት ቤቱ ላይ የ4 ዓመት ማስጠንቀቂያ፣ የ3,000 ዶላር መቀጫና በፉትቦልና በወንዶች ቅርጫት ኳስ ለ2 ዓመት ከማጣሪያ ውድድር የመታገድ ቅጣት ጣለ። ትምህርት ቤቱ ከሰሰ፤ ጉዳዩም ሁለት ጊዜ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2001 ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ ማኅበሩ ከመንግሥት ጋር እጅግ የተቈራኘ ስለሆነ እንደ መንግሥት አካል በሕገ መንግሥቱ ሊጠየቅ ይገባዋል አለ። በ2007 ግን ወደ ውድድሩ በፈቃዱ የገባ ትምህርት ቤት የውድድሩን ደንብ መቀበል እንዳለበት፣ አሠልጣኝ በእንዲህ ያለ ዕድሜ ላይ ያሉ ልጆችን የሚያባብልበትን ነፃነት መገደብም የመናገር መብትን መጣስ እንዳልሆነ ወሰነ።

ለትምህርት ሰዎች በዚህ ክርክር ውስጥ የሚጠቅመው ከሕጉ ይልቅ ፍርድ ቤቱ የሰጠው ምክንያት ነው። ልጆች በገና ለጋ ዕድሜያቸው ቢባበሉ ሊበዘበዙ፣ ውድድሩ ሊዛባና ስፖርቱ ከትምህርቱ በላይ ሊከበር እንደሚችል ተገልጿል። በነገሩ ውስጥ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ጉድለት ግን አለ። ለ2 ዓመት ከማጣሪያ ቢታገድ የሚቀረው ቡድኑ ነው፤ ቡድኑ ማለት ደግሞ ደብዳቤውን ያልጻፉት ልጆች ናቸው።

ፍሎሪዳ በ2016 ባወጣችው ሕግ ይህንን ለማስተካከል ሞክራለች። በሕጉ መሠረት ከ2017 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ተማሪ ቦታ ባለበት በማናቸውም የግዛቱ የመንግሥት ትምህርት ቤት መግባት ይችላል፤ ተዛውሮ የመጣውም ወዲያውኑ የመሰለፍ መብት አለው። በአንድ የጨዋታ ወቅት በሁለት ትምህርት ቤቶች አንዱን ስፖርት መጫወት በመሠረቱ ተከልክሏል። ምልመላ ሲገኝ ቅጣቱ በአሠልጣኙ ላይ ያርፋል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥፋት ከደመወዙ 5,000 ዶላር ይቀነስበታል። ልጁ ወይም ወላጁ ሐሰተኛ ሰነድ ካላቀረበ ወይም ጥቅም ካልተቀበለ በሌላው ጥፋት ከጨዋታ አይታገድም። ቅጣቱን ከልጁ ወደ አዋቂው ማዞሩ ተገቢ ነው። ነገር ግን ዝውውሩ እንደ ልብ በተፈቀደበት ሥፍራ ምልመላን ማስረዳት ከቀድሞው ይልቅ አስቸጋሪ ይሆናል፤ በገዛ ፈቃዱ መጣ ለማለት የሚያግድ የለምና።

ቤትና ወሰን

መኖሪያ የቀየረ ቤተሰብ ንጹሕ ነው የሚለው ደንብ ከላይ ሲታይ ፍትሐዊ ይመስላል። ይሁንና የመኖሪያ ወሰኑ ራሱ በገንዘብ የተሠመረ ነው። ጥሩ ትምህርት ቤት ያለበት አካባቢ የቤት ዋጋና ኪራይ ከፍ ያለ ነው፤ ጥሩ ሜዳ፣ የጡንቻ ማጠንከሪያ ክፍልና በቂ አሠልጣኞች ያሉትም ብዙውን ጊዜ እዚያው ነው። ገንዘብ ያለው አባት በዚያ ሰፈር ቤት ተከራይቶ ቤተሰቡን ቢያዛውር ልጁ ያለ አንዳች ጥያቄ ይሰለፋል። ቤት ለመቀየር አቅም የሌላት እናት ልጇን በአውቶቡስ ወደዚያው ትምህርት ቤት ብትልክ ግን ልጁ ግማሽ ወቅት ይቀመጣል። ሁለቱ ልጆች የፈለጉት አንድ ነገር ነው፤ የለያቸው የኪራይ ውል ነው።

የፌዴራሉ ሕግ ይህንን በከፊል አይቶታል። በ1987 የወጣው የማኪኒ ቬንቶ ሕግ መጠለያ የሌላቸው ልጆች ሰነድ ባይኖራቸውም ወዲያውኑ እንዲመዘገቡ ያዝዛል፤ በ2015 ሲሻሻልም ከክፍል ውጪ ባሉ ተግባራት እንዳይሳተፉ የሚከለክሉ እንቅፋቶች እንዲነሡላቸው ተደርጓል። ለወታደር ልጆችም ወላጆቻቸው በግዳጅ ስለሚዘዋወሩ ግዛቶቹ ከ2008 ጀምሮ በገቡት የጋራ ስምምነት የተለየ እርዳታ ይደረግላቸዋል። ከእነዚህ ሁለት ወገኖች ውጪ ያለው ድኻ ቤተሰብ ግን ለምን እንደ ተዛወረ በራሱ ማስረዳት አለበት።

ዝውውሩ ሲጠራቀም

እያንዳንዱ ዝውውር ለብቻው ሲታይ ቤተሰብ ለልጁ የተሻለውን መምረጡ ነው፤ ይህንንም መንቀፍ ያስቸግራል። ብዙዎቹ አንድ አቅጣጫ ሲይዙ ግን ውድድሩ ይፈርሳል። በካሊፎርኒያ ከ2016 እስከ 2024 በተካሄዱት የከፍተኛው ምድብ የግዛት ሻምፒዮናዎች ሁሉ ያሸነፉት ሳንታ አና የሚገኘው ማተር ዴይ ወይም ቤልፍላወር የሚገኘው ሴንት ጆን ቦስኮ ናቸው። ሁለቱም የመኖሪያ ወሰን የሌላቸው የካቶሊክ የግል ትምህርት ቤቶች ናቸው። ወላጆች ክፍያ ከፍለው የሚመርጧቸው ለፉትቦል ብቻ አይደለም፤ የቆየ የትምህርት ስምም አላቸው። ይሁን እንጂ ከሰፊ ከተማ መርጦ የሚቀበልና ከሰፈሩ የመጣለትን ብቻ የሚቀበል ትምህርት ቤት በአንድ ሜዳ ሲገናኙ ውጤቱ ከወዲሁ የታወቀ ይሆናል።

በዚህ ጨዋታ ደግሞ የአቅም አለመመጣጠን በነጥብ ብቻ የሚለካ አይደለም። በ2016 በዋሽንግተን ግዛት፣ ኤቨረት ከተማ የሚገኘው አርችቢሾፕ መርፊ ትምህርት ቤት ግዙፍ አካል ያላቸው ተጫዋቾች በተሰለፉበት ቡድኑ ተጋጣሚዎቹን በሰፊ ልዩነት ሲያሸንፍ፣ ተከታዮቹ በርካታ ትምህርት ቤቶች የልጆቻቸው ደኅንነት አሥግቷቸው ሳይጫወቱ ሽንፈትን ተቀበሉ። ያሸናፊው ቡድን ልጆችም ያለ ጨዋታ ቀሩ። በኦሃዮ በሁለተኛው አጋማሽ ልዩነቱ 30 ነጥብ ሲደርስ ሰዓቱ ሳይቆም እንዲሮጥ የሚያዝዝ ደንብ አለ፤ ይህ ግን ጨዋታውን ያሳጥረዋል እንጂ አያስተካክለውም።

ብዙም የማይወራለት ጉዳት በተለቀቀው ትምህርት ቤት ላይ የሚደርሰው ነው። ሁለት ወይም ሦስት ጎበዞች ሲሄዱ ጓደኞቻቸው ተስፋ ይቈርጣሉ፤ የተመዝጋቢው ቁጥር ይቀንሳል፤ በመጀመሪያ የተተኪዎች ቡድን ይታጠፋል። ከዚያ በኋላ ያልጠነከረው የ9ኛ ክፍል ልጅ ከ12ኛ ክፍል ልጆች ጋር ይሰለፋል፤ በማጥቃትም በመከላከልም ያው 11 ልጅ ያለ ዕረፍት ይጫወታል። በተቀባዩ ትምህርት ቤት በኩል ደግሞ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ተራውን ሲጠብቅ የኖረ የሰፈሩ ልጅ በመጨረሻው ዓመቱ ቦታውን ለመጤው ይለቃል። ይህ ልጅ በማንኛውም ቅጽ ላይ አይጠየቅም፤ አቤቱታ የሚያቀርብበትም ኮሚቴ የለም።

ልጁን ትቶ ትምህርት ቤቱን መመዘን

የምክንያት ምርመራው አጥጋቢ ስላልሆነ በርካታ ማኅበራት ልጁን ከማገድ ጎን ለጎን ትምህርት ቤቱን ወደሚመጥነው ምድብ ወደማዛወር ሄደዋል። ምድብ በተለምዶ የሚወሰነው በተማሪ ብዛት ነው፤ 300 ተማሪ ያለው 2,000 ካለው ጋር እንዳይጋጠም ነው። አዲሱ ሐሳብ ይህ ቁጥር ብቻውን እውነተኛውን አቅም አያሳይም የሚል ነው።

ቀላሉ ዘዴ ማባዣ ነው። ቴኔሲ በ1997 ለተጫዋቾች የገንዘብ ድጎማ የሚሰጡ የግል ትምህርት ቤቶችን ለብቻ ለይታ፣ ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች ጋር ለቀሩት የግል ትምህርት ቤቶች የተማሪ ብዛታቸውን በ1.8 አባዛች። ኢሊኖይ በ2005 ወሰን ለሌላቸው ትምህርት ቤቶች 1.65 ማባዣ አወጣች፤ 500 ተማሪ ያለው እንደ 825 ይቈጠራል ማለት ነው። ዘዴው ለአሠራር ይመቻል፤ ነገር ግን ጎበዝ ሰብሳቢውን ከደካማው አይለይም። በቂ ተጫዋች አግኝቶ የማያውቅ ትንሽ የሃይማኖት ትምህርት ቤትም እኩል ይባዛል። ኢሊኖይ በኋላ ውጤት ለሌላቸው ትምህርት ቤቶች ማባዣውን ማንሣት የጀመረችው በዚህ ምክንያት ነው።

ኢንዲያና በ2012 የተቀበለችው ዘዴ ድልን ይቈጥራል። በማጣሪያው ደረጃዎች ለተገኘ ድል ነጥብ ይሰጣል፤ ለግዛት ሻምፒዮናነት 4 ነጥብ ነው፤ በ2 ዓመት ውስጥ 6 ነጥብ ያገኘ ቡድን አንድ ምድብ ከፍ ይላል። የግልና የመንግሥት የሚል ልዩነት አለመኖሩ ጥሩ ጎኑ ነው። ነገር ግን ምድብ ሲለወጥ ድሉን ያገኙት ልጆች ብዙዎቹ ተመርቀው ሄደዋል፤ በከባዱ ምድብ የሚጫወቱት ታናናሾቻቸው ናቸው። በተጨማሪም ከራሱ ሰፈር ልጆች ጋር በጥሩ አሠልጣኝ ያሸነፈ ትምህርት ቤት ከመላው ከተማ ሰብስቦ ካሸነፈው ጋር እኩል ይገፋል።

ከሁሉም በላይ ሊጠና የሚገባው የኦሃዮ ዘዴ ነው። የግዛቱ ማኅበር አባል ትምህርት ቤቶች ርእሳነ መምህራን በተለያየ መልክ የቀረበላቸውን ሐሳብ በ2011፣ በ2012 እና በ2013 ጥለውት፣ በ2014 በአራተኛው ድምፅ አጸደቁት፤ ሥራ ላይ የዋለውም በ2017 የትምህርት ዘመን ነው። በዚህ ዘዴ የሚቈጠረው ድሉ ወይም የትምህርት ቤቱ ዓይነት ሳይሆን በቡድኑ መዝገብ ላይ ያለ እያንዳንዱ ልጅ ከየት እንደ መጣ ነው። በመንግሥት ትምህርት ቤት በወሰኑ ውስጥ የሚኖርና ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ሳያቋርጥ እዚያው የተማረ ልጅ ምንም አይጨምርም፤ በወሰኑ እየኖረ በኋላ የገባ ልጅ ጥቂት ይጨምራል፤ ከወሰን ውጪ የሚመጣ ልጅ የበለጠ ይጨምራል። ለግል ትምህርት ቤቶች ደግሞ በወሰን ፈንታ ተማሪ የሚያሳድጉላቸው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይታያሉ። ድምሩ በትምህርት ቤቱ የተማሪ ብዛት ላይ ይጨመርና ምድቡ ይወሰናል። ፉትቦል በግዛቱ 7 ምድቦች ስላሉት፣ ጥቂት ቁጥር መጨመሩ በድንበር ላይ ያለውን ትምህርት ቤት ወደ ላይኛው ምድብ ሊያሻግረው ይችላል።

የዚህ ዘዴ ትልቁ ብልጫ ማንም ለምን መጣህ ተብሎ አለመጠየቁ ነው። ወላጅ አይዋሽም፤ የቀድሞ አሠልጣኝ አይመሰክርም። የተዛወረው ልጅ መኖሩ ብቻ በቁጥር ይገባል፤ ሸክሙንም የሚሸከመው የተቀበለው ትምህርት ቤት ነው። ከወሰን ውጪ ተማሪ የሚቀበል የመንግሥት ትምህርት ቤትም ሳይጠየቅ አይቀርም። ጉድለት የለበትም ማለት ግን አይደለም። የቡድኑ ኮከብም ተቀምጦ የሚመለከተው ተጠባባቂም በአንድ ሚዛን ይቈጠራሉ። ከ7ኛ ክፍል የጀመረ አይቈጠርም ሲባል መልማዩ ወደ 6ኛ ክፍል እንዲወርድ በር ይከፍታል። ኦሃዮም ቢሆን የግለሰብ የዝውውር ደንቧን አልሰረዘችም፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ይሠራሉ።

ትምህርት ቤቱ ራሱ ሲጠፋ

እዚህ ድረስ የተገለጹት ዘዴዎች ሁሉ አንድ ነገር እንደ ተረጋገጠ ይወስዳሉ፤ ተቀባዩ እውነተኛ ትምህርት ቤት መሆኑን። ነሐሴ 29 ቀን 2021 በኦሃዮ ካንተን ከተማ ኢኤስፒኤን በተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ለመላው አገር በተላለፈ ግጥሚያ፣ ቢሾፕ ሲካሞር የተባለ ቡድን በፍሎሪዳው አይኤምጂ አካዳሚ 58 ለ0 ተሸነፈ። ቡድኑ ከሁለት ቀን በፊት ሌላ ግጥሚያ አድርጎ እንደ ነበር ታወቀ፤ በእንዲህ ያለ ጨዋታ ይህ ለልጆች አካል አደገኛ ነው። ሰዎች ትምህርት ቤቱ የት እንዳለ መጠየቅ ጀመሩ። የኦሃዮ ትምህርት መሥሪያ ቤት ያደረገው ምርመራ በታኅሣሥ 2021 ሲወጣ፣ ድርጅቱ ለትምህርት ቤት የተደነገገውን ዝቅተኛ መመዘኛ ስለ ማሟላቱ ማስረጃ እንዳልተገኘና ነገሩ ማጭበርበር እንደ ነበር ገለጸ። በትምህርት ቤትነት የታወቀው በራሱ መግለጫ ሲሆን፣ የመንግሥት ገንዘብ የማይቀበሉ ትምህርት ቤቶች በጥቂት ሪፖርት ብቻ እንዲሠሩ የሚፈቅደውን የሕግ ክፍል ተጠቅሞ ነበር። የግዛቱ የስፖርት ማኅበር አባል ስላልነበረ የዝውውር ደንቡም የምድብ ቈጠራውም አልነካውም።

በዚያ ቡድን ውስጥ ለዩኒቨርሲቲ መልማዮች ለመታየት ተስፋ አድርገው የመጡ ልጆች ነበሩ። ማኅበር ያለበት ትምህርት ቤት ቢገቡ ኖሮ ለግማሽ ወቅት ወይም ለአንድ ዓመት ሊታገዱ ይችሉ ነበር፤ እዚህ ግን የሚያግዳቸው አልነበረም፤ የሚያስተምራቸውም አልነበረም።

ከ2021 ወዲህ ደግሞ ሌላ ግፊት ተጨምሯል። የዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ ማግኘት ከተፈቀደላቸው በኋላ አብዛኞቹ ግዛቶች ይህንኑ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በተወሰነ መጠን ፈቅደዋል፤ በተለምዶ የትምህርት ቤቱ መለያ እንዳይታይና ክፍያው ለዝውውር ማባበያ እንዳይሆን ይከለከላል። አንድ ነጋዴ ለተዛወረ ልጅ የከፈለው ለማስታወቂያው ይሁን ለመምጣቱ የሚለየው ማን እንደ ሆነ ግን ደንቦቹ በግልጽ አይናገሩም። ከቴክሳስ ኮሚቴ ፊት የነበረው የምክንያት ጥያቄ እንደገና ተመልሶ መጥቷል ማለት ነው፤ በዚህ ጊዜ የሚመረመረው የልጁ ሐሳብ ብቻ ሳይሆን የከፋዩም ጭምር ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል የተቀባይ ትምህርት ቤት መምህራን እጅ ላይ የሚወድቀው ሥራ ከሜዳው የራቀ ነው። በዓመት መካከል የመጣ ልጅ የቀድሞ ትምህርት ቤቱ ትምህርቶች ከአዲሱ ጋር አይገጥሙም፤ ግማሽ ድረስ የተማረው ኬሚስትሪ ሳይቈጠርለት ሊቀር ይችላል፤ ለምረቃ የሚያስፈልገው አንድ ትምህርት ወደ 12ኛ ክፍል ይንከባለላል። ሁለት ጊዜ የተዛወረ ልጅ ይህንን ሁለት ጊዜ ያየዋል። የስፖርት መሰለፊያ ቅጹ በነሐሴ ልምምድ ሲጀመር በአሠልጣኙ ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል፤ የትምህርት መዝገቡ ግን ብዙውን ጊዜ ከዚያ ዘግይቶ ወደ መዝገብ ቤት ይመጣል። ሁለቱ ወረቀቶች አብረው እንዲቀርቡ፣ የትምህርት መዝገቡ ተመርምሮ የምረቃ ዕቅዱ ከወላጅ ጋር ሳይፈረም የመሰለፊያው ቅጽ እንዳይፈረም ማድረግ ምንም ዓይነት ማባዣ ወይም የነጥብ ሠንጠረዥ አያስፈልገውም፤ ርእሰ መምህሩ በራሱ ሥልጣን ሊያዝዘው የሚችል ነው።